ኢንቨርተርና የጋራ ቆጣሪያችን

አዲስ ፍሪጅ ላይ «ኢንቨርተር» የሚል ጽሑፍ ሳታዩ አልቀራችሁም። የተለመደው ኮምፕሬሰር ወይ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል ወይ ይቆማል፤ በተነሳ ቁጥር ደግሞ ሲሠራ ከሚወስደው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል። ኢንቨርተሩ ግን የ50 ኸርዙን መብራት ወደ ዲሲ ይለውጥና ፍሪኩዌንሲውን እየቀያየረ ሞተሩን ያፈጥነዋል፣ ያዘገየዋል። ሌሊት ቀስ ብሎ ይዞራል እንጂ ቶሎ ቶሎ አይጠፋም።

መሳለሚያ፣ አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢያችን፣ ይህ የጉርብትና ጉዳይ ነው። የእናቴ አሮጌ ፍሪጅ ሲነሳ የሁሉም አምፖል ፍዝዝ ይላል፤ ሒሳብ ሲመጣ ታዲያ ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ነው።

ኢንቨርተር እንግዛ ስላት የሰፈሩን ጠጋኝ ጠየቀች። «እትዬ፣ ቆጣቢስ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቦርዱ ከተቃጠለ ግን ዋጋው አይቀመስም። ስታብላይዘር ይጨምሩበት» አላት። አሁን ለሁለቱም ዕቁብ ገብታለች።