ይቅደሙ

በአገራችን ሁለት ሰዎች በአንድ ደጃፍ ላይ የተገናኙ እንደ ሆነ፥ ማን ቀድሞ ይግባ የሚለው ነገር በቀላሉ አያልቅም። አንዱ «ይቅደሙ» ይላል፤ ሁለተኛው «ኧረ አይገባም፥ እርስዎ ይቅደሙ» ብሎ ወደ ኋላው ያፈገፍጋል፤ ሦስተኛ ሰው ከኋላ መጥቶ ሁለቱንም ገፋ አድርጎ እስኪያስገባቸው ድረስ ልመናው ይቀጥላል። እጅ ለመታጠብም፥ ወንበር ለመያዝም፥ ከመሶቡ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለማንሣትም እንዲሁ ነው። እኛም በዚህ ልማድ ያደግን ስለ ሆነ፥ ቀድሞ መግባት ነውር፥ ማስቀደም ግን ጨዋነት መሆኑን ከእናታችን ጕልበት ሥር ሳለን ተምረናል።

ነገር ግን ያው በደጃፍ ላይ ሲለምነን የነበረው ሰው፥ መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን በጨበጠ ጊዜ ሌላ ሰው ይሆናል። ከፊቱ ያለውን ሁሉ እንደ እንቅፋት፥ ከኋላው የሚመጣውንም እንደ ደፋሪ ይቈጥረዋል። ይህን የምንለው ስለ ሌሎች ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ስለ ራሳችን ነው።

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውን መንገድ ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ያውቁታል። እስከ ወልድያ ድረስ የሠሩት ቻይኖች ስለ ሆኑ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ወረታ በፎገራ ሜዳ ላይ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፥ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። እንግዲህ ከ40 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ መንገድ ውስጥ መኪናው 900 ሜትር ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። በሜዳው ላይ፥ በሩዙ ማሳ መካከል፥ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ የፈለገ ይሮጣል፤ ያልፈለገም ይዘገያል፤ የማንም ጠባይ አይፈተንም። አለም በርን ካለፉ በኋላ ግን መታጠፊያው ይበዛል፤ አቀበቱም የእያንዳንዱን መኪና ጕልበት ይገልጠዋል። ሩዝ የጫነው ትልቅ መኪና በዝቅተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል፤ ከኋላው ሚኒባሱ ይቅበጠበጣል፤ ዳር ዳሩን ደግሞ ባጃጁ፥ ጋሪው፥ አህያውን የሚነዳው ገበሬ፥ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ተማሪ አለ። አስፋልቱ ለሁሉም ያው አንዱ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ የሚነጋገሩት ሰዎች ፊት ለፊት ስለማይተያዩ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ከፊት ያለው የጭነት መኪና የቀኙን ፍሬቻ ሲያበራ «መንገዱ ነጻ ነው፥ እለፍ» ማለቱ ነው፤ የግራውን ሲያበራ «ከፊቴ የሚመጣ አለና ቆይ» ማለቱ ነው። ረዳቱ በመስኮት እጁን አውጥቶ ወደ ፊት ቢያወዛውዝ ማለፍን፥ መዳፉን ወደ ታች ቢጫን መታገሥን ያመለክታል። ያለፈውም ሰው ክላክሱን ሁለት ጊዜ በአጭሩ ነክቶ ያመሰግናል። እኛ ለመንጃ ፈቃድ ስንማር ይህን ያስተማረን አልነበረም፤ የተማርነው ፍሬቻ የራስን መታጠፍ ማስታወቂያ እንጂ ለሌላ ሰው ፈቃድ መስጫ አለመሆኑን ነው። በእርግጥም አደጋ አለው፤ ቀኙን ያበራው ሰው ሊቆም ብሎ ይሆናል፤ ግራውን ያበራውም በእውነት ወደ ግራ ሊታጠፍ ብሎ ይሆናል። ስለዚህ ምልክቱን ያየ ሰው በገዛ ዓይኑ ሳያጣራ መውጣት የለበትም። ሆኖም ከቶ የማይተዋወቁ ሰዎች ነፍሳቸውን እርስ በርስ የሚጠባበቁበት ቋንቋ ስለ ሆነ፥ ከነጉድለቱ እንወደዋለን።

ወደ ራሳችን ጥፋት እንምጣ። በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር፥ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፥ እናታችንን ከወረታ ይዘን ለዘመድ ክርስትና ወደ ደብረ ታቦር እንወጣ ነበር። መኪናችን ከወንድማችን ጋር በኅብረት የገዛናት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ስትሆን፥ አቀበት ላይ ሞተሯ ቶሎ ስለሚግል በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ አናስሮጣትም ነበር። አለም በርን አልፈን ጥቂት እንደ ተጓዝን አንድ ሚኒባስ ከኋላችን ደረሰ። ደረሰ ብንል አነሰ፤ በመስተዋታችን ውስጥ ከእርሱ ግንባር በቀር ሌላ ነገር እስከማይታይ ድረስ ተጠጋን። ክላክሱን አንድ ጊዜ ነፋ፤ ቀጥሎም ደጋገመ፤ መብራቱንም ያርገበግብ ጀመር።

በዚህ ጊዜ በልባችን ውስጥ አንድ ነገር ተነሣ። ስሙ ምን እንደ ሆነ ዛሬም ለይተን ለመናገር አንችልም። ብቻ የእኛን መኪና አሮጌነት በሕዝብ ፊት የነገረብን መሰለን። መንገዱ ጥቂት ቀና ካለበት ስፍራ ስንደርስ ሚኒባሱ ደርቦ ወጣ፤ ልክ ከጎናችን በደረሰ ጊዜም እግራችን ነዳጁን ረገጠ። አስበን ነው ያደረግነው ለማለት አንደፍርም፤ ሳናስብ ነው ለማለትም አንደፍርም። ኮሮላዋ 50 ደረሰች። ሚኒባሱ ማለፍ አቃተው፤ ወደ ኋላ መመለሱንም እንደ ሽንፈት ሳይቈጥረው አልቀረም፤ ሁለታችንም እንደ ተጠመዱ በሬዎች ጎን ለጎን ሆነን ሽቅብ ወጣን። ወዲያው ከመታጠፊያው በስተጀርባ ድንች የጫነ የጭነት መኪና ቁልቁል ብቅ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለመናገር የሚወስደውን ያህል ጊዜ እንኳ አልወሰደም። የጭነት መኪናው ሾፌር የቀኝ ጎማዎቹን ከአስፋልቱ አውጥቶ በጠጠሩ ላይ ነዳ፤ እኛ ፍሬን ያዝን፤ ሚኒባሱም አንድ ክንድ በማይሞላ ክፍተት ተሹለክልኮ ከፊታችን ገባ። ከጎናችን ሲያልፍ ሕፃን ያቀፈች ሴት በመስኮቱ አየን፤ እርስዋም አየችን። ሚኒባሱ አልቆመም። የጭነት መኪናው ግን ቆመ፤ ሁለት ጆንያዎች ወድቀው ድንቹ በቦዩ ውስጥ ተበትኖ ነበር።

ሾፌሩ ጠጕራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። ሚኒባሱን ይራገማሉ ብለን ስንጠብቅ ስለ እርሱ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ወደ እኛ መጡ።

«ምነው ልጄ፥ ለምን ጨመርህ?» አሉን።

እኛም በመስመራችን ላይ እንደ ነበርን፥ ጥፋቱም ደርቦ የወጣው ሰው እንደ ሆነ አስረዳናቸው።

«መስመሩስ ያንተ ነው፤ ማን ወሰደብህ?» አሉና ድንቻቸውን ሊለቅሙ ተመለሱ። አብረናቸው ለቀምን።

እናታችን ከኋላ ወንበር ሆና እስከዚያ ድረስ አልተናገረችም ነበር። ጕዞአችንን ከቀጠልን በኋላ፥ «ያን ሰውዬ ታውቀዋለህ?» አለችን። እንደማናውቀው ነገርናት። «ታዲያ ምን አድርጎህ ነው?» አለች። መልስ አጣን። ክርስትናው ቤት እስክንደርስ ድረስ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ስላለን፥ ተነሥተን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተማርነው ሒሳብ ነገሩን በወረቀት ላይ አሰላነው። የሚታለፈው በሰዓት 40፥ የሚያልፈው 60 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፥ አላፊው ከኋላ ወጥቶ ፊት እስኪገባ ድረስ 40 ሜትር ያህል መብለጥ ቢኖርበት፥ ይህ 7 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ 120 ሜትር ይጓዛል። ከፊት የሚመጣውም በ60 የሚሄድ ከሆነ ሌላ 120 ሜትር ይቀርባል። ስለዚህ 240 ሜትር ባዶ መንገድ ያስፈልጋል። የሚታለፈው ሰው ፍጥነቱን ከ40 ወደ 50 ከፍ ቢያደርግ ግን ጊዜው እጥፍ ሆኖ 14 ሴኮንድ ያልፋል፤ መንገዱም 480 ሜትር ይሆናል። በዚያ አቀበት 480 ሜትር የሚታይ ቀጥ ያለ መንገድ ከየት ይመጣል? እግራችን ጥቂት ዝቅ ባለች ጊዜ፥ ለዚያች ሕፃን ለያዘች ሴት መንገዱን በእጥፍ አረዘምንባት። ወረቀቱን ከዚያ በኋላ ለማንም አላሳየንም።

የዓለምም ሕግ ከሾፌሩ ጥያቄ ጋር አንድ ሆኖ አገኘነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1968 በቪየና የወጣው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት በ11ኛው አንቀጹ፥ የሚታለፈው ሾፌር ወደ ዳር እንዲጠጋና ፍጥነት እንዳይጨምር ይናገራል፤ መንገዱ ጠባብ ወይም ጠማማ ሆኖ ማለፍ የሚያስቸግር ከሆነም ዘገምተኛው ፍጥነቱን እንዲቀንስ፥ ካስፈለገም ወደ ዳር ወጥቶ የኋለኞቹን እንዲያሳልፍ ያዛል። እኛ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ የማለፍ ኀላፊነት ሁሉ ያላፊው ብቻ መስሎን እንኖር ነበር።

ይልቁንም ያስደነቀን ሌላ ነገር ነው። በጀርመን አገር ኑርቡርግሪንግ የሚባል፥ በ1927 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተከፈተ፥ በተራራና በጫካ መካከል ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጠማዘዝ የመኪና እሽቅድምድም መንገድ አለ። ውድድር በሌለበት ቀን ማንም ሰው ገንዘብ ከፍሎ የገዛ መኪናውን ሊነዳበት ይችላል፤ ስለዚህ እጅግ ፈጣኑና እጅግ ዘገምተኛው በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። በዚያም ስፍራ ማለፍ በግራ በኩል ብቻ ነው፤ ዘገምተኛው ቀኙን ይይዛል፤ ፈጣኑ ከኋላው መድረሱን ባየ ጊዜም የቀኝ ፍሬቻውን አብርቶ «አይቼሃለሁ፥ እለፍ» ይለዋል። ይህ እንግዲህ የእኛው የሩዝ መኪና ምልክት አይደለምን? ለሩጫ ብቻ በተሠራ መንገድ ላይ እንኳ ያለ ዘገምተኛው መልካም ፈቃድ ፈጣኑ በደኅና አያልፍም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያን ሽማግሌ ሾፌር በደብረ ታቦር በአንድ ሻይ ቤት ውስጥ አገኘናቸው። ማፈራችንን ውጠን ሻይ ጋበዝናቸው፤ እርሳቸውም ድንቹን በማንሣት አላሳፈሩንም። «አንቱ ጋሼ፥ አቀበት ላይ የጭነት መኪና ለምን ቆም ብሎ አያሳልፍም?» ብለን ጠየቅናቸው። ከነሸክሙ አቀበት ላይ የቆመ መኪና እንደገና ሲነሣ ፍሪሲዮኑ እንደሚቃጠል፥ ቁልቁለትም ላይ ፍሬን እንዳይግል በማርሽ ብቻ እየተያዘ ስለሚወርድ መዝገሙ ትዕቢት አለመሆኑን ነገሩን። ከኋላ የሚለጠፍባቸውንም ሰው አላማረሩም፤ የገረማቸው ሞኝነቱ ነበር። «እኔን ካልራቀኝ ፊቴን እንዴት ያያል?» አሉ። እውነት ነው፤ ወደ ኋላ ፈቀቅ ያለው ሰው መንገዱን ያያል፤ የተጠጋው ግን የጆንያ ክምር ብቻ ያያል።

ስለ ሚኒባሱም ሾፌር ፍርድ ስንሰጥ ልንጠነቀቅ ይገባናል። እርሱ ወደ መናኸሪያው ቀድሞ ካልደረሰ ተራው ያልፈዋል፤ ተራው ያለፈውም ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል። የእኛ ደመወዝ ግን ዘገየንም ፈጠንንም በወሩ መጨረሻ ይመጣል። ይህ ክላክሱን አያጸድቅለትም፤ የእኛንም እግር ከቶ አያጸድቅልንም።

ደግሞም ዘገምተኛ ጭነት ለዚህ አገር አዲስ እንዳይደለ ማስታወስ ይገባል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ይዘው ወደ መቅደላ የተነሡት በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ነበር። መንገዱ ስላልነበረ መንገዱን እየሠሩ፥ እርሳቸውም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ በጋይንት በኩል አልፈው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ያን ጊዜ ፈረሰኛው ሁሉ ከመድፉ በእጅጉ የሚፈጥን ሲሆን፥ ሠራዊቱ የሄደው በመድፉ እርምጃ ነው። ዛሬ በጋሳይና በንፋስ መውጫ በኩል ወደ ምሥራቅ ስንነዳ፥ ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና አሥር ደቂቃ ቢያዘገየን የተሰረቅን ይመስለናል።

በዚያው ዓመት በነሐሴ 12 ቀን፥ በቡሔ ዋዜማ፥ እናታችንን እንደገና ወደ ደብረ ታቦር እንወስዳት ነበር። ለልጆቻችን የጋገረችውን ሙልሙል በጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች። አቀበቱን ጉም ሸፍኖታል። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና ይጓዝ ነበርና ርቀን ተከተልነው፤ ብዙ ቆየን። ጉሙ ገለጥ ባለበት ስፍራ የቀኙ ፍሬቻ በራ፤ ረዳቱም እጁን አወጣ። መንገዱን በዓይናችን አጣርተን አለፍንና ክላክሳችንን ሁለት ጊዜ ነካን።

ብዙም ሳንርቅ አንድ ሚኒባስ ከኋላችን መጣ። ይህኛውም ተጠግቶን ነበር። የዱሮው ነገር በልባችን ውስጥ አልተነሣም ብንል ሐሰት ይሆናል። መንገዱ እስኪቀና ጠበቅን፤ ወደ ቀኝ ተጠጋን፤ ፍሬቻችንን አብርተን እግራችንን ከነዳጁ ላይ አነሣን። ሚኒባሱ አለፈ፤ ክላክሱን ሁለት ጊዜ ነካ፤ ሾፌሩም በመስኮቱ እጁን ከፍ አደረገልን፤ እኛም እጃችንን አነሣን።

«ታውቀዋለህ እንዴ?» አለችን እናታችን።

እንደማናውቀው ነገርናት። ሙልሙሉን በጭኗ ላይ አስተካክላ ወደ ጉሙ ትመለከት ጀመር።