የሦስት ቀን አባት

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት ሦስት ተከታታይ ቀን ይሰጣል። ከዚያ በፊት የነበረው አዋጅ የአባትነት ፈቃድ የሚባል ነገር አያውቅም ነበርና ማመስገን ይገባል። አንደኛው ቀን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ወዲያ ወዲህ ሲባል ይመሻል። ሁለተኛው «እንኳን ማርያም ማረቻት» ለሚል ሁሉ ስልክ እያነሱ «አሜን» በማለት ያልፋል። በሦስተኛው ቀን ሰውየው የዳይፐሩን ፊትና ኋላ መለየት ሲጀምር ፈቃዱ ያልቃል። በማግሥቱ ቢሮ ተቀምጦ «እንኳን ደስ ያለህ» ይባላል፤ ልጅ ማሳደግ ያለቀለት ሥራ ይመስል።

እናትየዋ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አላት። ሐኪሙ ደግሞ «እስከ ስድስት ወር ከጡት ሌላ ምንም እንዳትሰጡት» ይላል። አዋጁና ሐኪሙ ተገናኝተው የተነጋገሩ አይመስለኝም። መካከል ላይ የሚተርፈውን ጊዜ ማን እንደሚሸፍነው የጻፈ የለም፤ ሳይጻፍም ሁላችንም እናውቀዋለን። አያት ትሸፍነዋለች።

የእኛዋ አያት፣ አማቴ፣ ጥር ውስጥ ከደብረ ማርቆስ መጡ። ቅቤ፣ የገንፎ ዱቄት፣ አብሽ፣ አጃ፣ አንድ አንቀልባና ስለ ልጅ አስተዳደግ የማይነቃነቅ አቋም ይዘው ነው የመጡት። እኛ ያለንበት የልደታ ኮንዶሚኒየም አሳንሰር ስለሌለው ዕቃው ሁሉ እስከ አራተኛ ፎቅ በእኔ ትከሻ ወጣ። አቋሙን ራሳቸው ይዘውት ወጡ።

የመጀመሪያው ሙግት በቅቤ ተነሣ። በእሳቸው አገር ለተወለደ ልጅ ጉሮሮው እንዲለሰልስ፣ ሆዱም እንዲጸዳ ትንሽ ለጋ ቅቤ ያልሱታል። ባለቤቴ የጤና ጣቢያውን ምክር በቃሏ ወጥታዋለች፤ ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ይያዝ፣ ቢጫውና ወፈር ያለው እንገር ከበሽታ የሚከላከለው እሱ ነውና አይደፋ፣ ከእሱ በፊት ምንም ነገር አፉ አይግባ። አማቴ እስከ መጨረሻው ሰሙ። «ይሁን» አሉ። ከዚያ ቅቤውን እርግብግቢቱ ላይ ቀቡት። የጤና ጣቢያዋ ልጅ ስለ አፍ እንጂ ስለ አናት ያለችው ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ሙግት ውሃ ነው። መጋቢት ላይ የከሰዓቱ ፀሐይ በሳሎኑ መስኮት ስትገባ ቤቱ ይግላል፣ ማሙሽም ከንፈሩን ይልሳል። «ውሃ ጠማው እኮ! እናንተ እየጠጣችሁ ልጁን ትከለክሉታላችሁ?» የእናት ጡት ወተት ከመቶው 88 እጅ ገደማ ውሃ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ሻይም ውሃ ነው፤ አንተ ሻይ ስለጠጣህ ውሃ አይጠማህም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው፣ ስድስት ወር ካልሞላቸው ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ አማቴ ብቻቸውን አይደሉም፤ ከአሥር ሕፃናት ለአራቱ የምትከራከር አንዲት ሴት በየቤቱ አለች ማለት ነው። የልደታው ፍርድ ቤት ከቤታችን በእግር የሚደረስ ነው፤ እንዲህ ያለውን ክርክር የሚያይ ችሎት ግን የለውም።

ሐኪም ቤት የሚጠሉ ሴት እንዳይመስሉባችሁ። የክትባቱን ካርድ የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። ማሙሽ በ40 ቀኑ ልደታ ማርያም ክርስትና ተነሣ፣ በ45ኛው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደ፤ አማቴ ለሁለቱም የለበሱት ያንኑ ነጭ ቀሚስ ነው። በሁለቱ ጭኖቹ አንድ አንድ መርፌ፣ በአፉ ጠብታ ተሰጠው። ማታ ሰውነቱ ሲግል እኔ ቴርሞሜትር ይዤ ክፍሉን ስዞር እሳቸው ቁጭ ብለው ቡና ይቆላሉ። «ይለቀዋል። መርፌ የሚፈራ ኩፍኝን ያላየ ነው» አሉ። በእሳቸው የልጅነት ዘመን ኩፍኝ ሳያልፈው ልጅ አለኝ አይባልም ነበር። ወሬው ያን ያህል የራቀ አይደለም፤ በ2000 (እ.ኤ.አ.) በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ እንደነበር፣ በ2016 ግን ቁጥሩ ወደ 67 መውረዱን እነዚያው ጥናቶች ያሳያሉ። 67ም ልጅ ነው፤ ብዙ ልጅ። አማቴ ቁጥሩን አያውቁትም። ከየትኛው ጎረቤት ቤት የትኛው ልጅ እንደቀረ በስም ይጠራሉ። የኩፍኙ ክትባት በዘጠነኛ ወር እንደሆነ ነርሷ ስትነግራቸው ጣታቸውን አጥፈው ቆጥረው «ጥቅምት» አሉ፤ በውሃ ነገር አንዲት ቃል የማይሰሙኝ ሴት።

ስለ ሌሊቱም ማውራት አይቀርም። የሕፃን ልቅሶ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፣ ሦስት አራት ወር ሲሞላው ይበርዳል። ይህ በየአገሩ የሚታይ ነው፤ ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ የሚምል ሐኪም አላገኘሁም። ሐኪም ያልሆነ ሰው ግን ሁሉ ያውቀዋል። «ሆዱን ነው።» «ብርድ መቶት ነው።» «አላስገሳችሁትም።» «ዓይን ነው፤ ትናንት ደረጃ ላይ ያየችው ሴትዮ ቱፍ ቱፍ ሳትል ነው የሄደችው።» ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይህ ሁሉ ምርመራ በአንድ መኝታ ቤት ውስጥ ይሰጣል፤ በሽተኛው አይስማማም፣ ይጮኻል።

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምሥጢር አይጠብቅም። አንድ ሌሊት በሩ ተንኳኳ። ስለ ጩኸቱ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት የፊት ለፊቷ እትዬ በሌሊት ልብሳቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው ቆመዋል። «ስጠኝ» አሉኝ። ደረታቸው ላይ አስደግፈው ኮሪደሩን ወዲያ ወዲህ እያሉ እሹሩሩ አሉት። ልጁ ጸጥ አለ። እኔ ትንሽ ቅር አለኝ፤ አማቴን በጣም ቅር አላቸው።

እትዬ ያደጉት እዚሁ ቦታ፣ ሕንፃው ከመሠራቱ በፊት በነበሩት የቀበሌ ቤቶች ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሰፈሩ ሲፈርስ ብዙ ጎረቤቶቻቸው ወደ ከተማው ዳር ሄዱ፤ እሳቸው የኮንዶሚኒየሙን ቅድመ ክፍያ መሙላት ከቻሉት መካከል ናቸው። የድሮውን ግቢ ሲያነሡ ማር አይቀቡትም፦ አንድ ቧንቧ፣ ለዚያ ሁሉ ሰው አንድ ሽንት ቤት፣ ክረምት ሲገባ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ጭቃ። «ልጅ አያለቅስም ነበር ማለቴ አይደለም» አሉኝ አንድ ቀን። «ያለቅሳል። ግን ሲያለቅስ አንድ ሰው እጅ ላይ አይቆይም።» እናት ልብስ ስታጥብ ልጁ ጎረቤት ጀርባ ላይ ነው፣ ጎረቤት እንጀራ ስትጋግር ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። ማን ስንት ሰዓት አዘለ ብሎ የቆጠረ የለም፤ ስላልተቆጠረም ሥራ መሆኑ ተረሳ። እኛ አሁን ቁልፍ ያለው በር፣ የራሳችን ቧንቧና የራሳችን ሽንት ቤት አለን፤ ማንም ወደ ኋላ ልመለስ አይልም፣ እትዬም አይሉም። ሕፃኑ የሚፈልገው ሥራ ግን አልተቀነሰም። የቀነሰው እጅ ነው። የቀረው እጅ ደግሞ ምክሩን ጥሎ አይመጣም፤ ውሃ ጠማው የሚለው አፍና ሌሊት የሚያቅፈው ክንድ የአንድ ሰው ናቸው። አፉን ዝም ለማሰኘት ብሎ ክንዱን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመልስ ሰው ካለ ወይ ሀብታም ነው፣ ወይ ገና አልወለደም።

በአንቀልባው የተነሣ ግን ሙግት አልነበረም። አንድ ዘመድ ከውጭ የላከልን የሕፃን ጋሪ አራት ፎቅ ደረጃ ሲያይ ተስፋ ቆርጦ በረንዳ ላይ የሽንኩርት ማስቀመጫ ሆኗል። ማሙሽ በአያቱ ጀርባ ገበያ ይወርዳል፣ በባቡሩ ድልድይ ሥር ያልፋል፣ ተኝቶ ይመለሳል። ሐኪሞችም ቢሆኑ ልጅን ከገላ ማስጠጋትን ካወቁት ቆይተዋል። በ1978 (እ.ኤ.አ.) ኮሎምቢያ ውስጥ ቦጎታ ላይ የማሞቂያ ሣጥን ያነሳቸው ሐኪሞች ያለጊዜያቸው የተወለዱትን ጨቅላዎች በእናቶቻቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ ማቆየት ጀመሩ። በእኛው ልደታ ክፍለ ከተማ ባለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ደግሞ ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ከሁለት ኪሎ በታች ሆነው የተወለዱ 123 ሕፃናትን አጠኑ። ገሚሶቹ ከተወለዱ ብዙም ሳይቆይ በእናት ደረት ላይ ሆኑ፣ ሌሎቹ በተለመደው መንገድ ተያዙ። በ2005 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ውጤት በእናት ደረት ላይ ከነበሩት መካከል የሞቱት ማነሳቸውን አሳየ። ይህን ለአማቴ ስተርክላቸው «ለዚህ ነው ያን ያህል ዓመት የተማራችሁት?» አሉ። እርግጥ አንቀልባ ጀርባ ላይ፣ ያውም በልብስ ላይ ነው፤ የሐኪሞቹ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ፣ ለደካማ ጨቅላ ነው። አንድ ናቸው ማለት አይቻልም። ልዩነቱን ላስረዳቸው ሞክሬ በመካከል ልጁ ተነሣና ተረፍኩ።

አንድ ነገር ላይ ግን ሙሉ ድሉን ለእሳቸው እሰጣለሁ። ቤታችን የመጣ ሁሉ የጠየቀው ስለ ልጁ ነበር፤ ስንት ኪሎ ነው፣ ማንን ይመስላል፣ ሌሊት ይተኛል ወይ። አማቴ ከደረጃው ገና ትንፋሻቸው ሳይመለስ የጠየቁት «ልጄ በልታለች?» ብለው ነው፤ ልጄ ያሉት ባለቤቴን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገንፎው በጠዋት ቀረበ፣ አጥሚቱ በከሰዓት። የአጥቢዋን ሆድ የጠየቀ ሰው ስለ ሕፃኑ ሆድ ብዙ መናገር አያስፈልገውም።

90 ቀኑ ሲያልቅ ባለቤቴ ወደ ሥራ ተመለሰች። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዞ ነበር፤ እሷ የምትሠራው ግን በግል ድርጅት ነው። ጠዋት ታልባ ፍሪጅ ታስቀምጣለች፣ አያትየው በጡጦ ይሰጣሉ፣ መብራት የጠፋ ቀን ወተቱ እንዳይበላሽ ወደ እትዬ ፍሪጅ ይሮጣል፤ የእሳቸው ቤት መስመር ሌላ ነው። በዚህ ምክንያት ቅር ተሰኝተው የነበሩት አማቴና እትዬ የጡጦ ጓደኞች ሆኑ።

ግንቦት 1 ቀን ልደታ ሆነና ግቢው ወጣ። በየሕንፃው ሥር ንፍሮ ተቀቀለ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ቡና ተፈላ። ማሙሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ውሎ መጨረሻ ላይ የማላውቀው ጎረምሳ ትከሻ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ጎረምሳው ደግሞ በሌላኛው እጁ ስልኩን ይነካካል። አማቴ በሳምንቱ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ክረምት ሳይገባ ቤታቸውን ማየት ነበረባቸው። ሞግዚት መጣች፣ ሄደች፣ ሌላ መጣች።

ሐምሌ ላይ ስድስት ወር ሞላውና ስለ መጀመሪያው ምግብ ጉባኤ ተጠራ። እትዬ እኛን ሁላችንንም ያሳደገን ፋፋ ነው ይላሉ። ባለቤቴ ድንችና ካሮት ቀቅላ ፈጭታለች። ሞግዚቷ አጥሚት ከቀጠነ አይረባም ባይ ናት። አማቴ ስልክ ደውለው ከስንዴ፣ ከገብስ፣ ከአጃና ከሽምብራ ያስፈጩትን ምጥን በአውቶቡስ መላካቸውን ነገሩኝ።

«እንግዲህ አሁን ውሃ ይጠጣል?» አሉ።

«አዎ እማዬ፤ ተፈልቶ፣ ቀዝቅዞ።»

«ጠጣ?»

«ጠጣ።»

«ስንት?»

ስኒውን አየሁ። «ሁሉንም።»

«አላልኩህም?» አሉና ስልኩን ለጎረቤታቸው አቀበሉ፤ እሷም የምትለው ነበራት።