ማሽኑ አለ፤ ውጤቱ ግን የለም!



ዛሬ የማነሳላችሁ ብዙ ሰው ስለማያየው ክፍል ነው፤ ስለ ላቦራቶሪ። ሕመምተኛ ሐኪሙን ያያል፣ መድኃኒት ቤቱን ያያል። ላቦራቶሪውን የሚያውቀው ግን ደም በሰጠባት ትንሽ መስኮት ብቻ ነው። የሚታዘዝለት መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ከዚያች መስኮት ጀርባ ነው። እኔም በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በሚባለው አገር ከሚገኙ የጤና ተቋማት በአንዱ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ።

አገራችንን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ስማዳ ደግሞ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ ወባማ ቆላ ነው። ወጣቶቻችን ሰሊጥ ለማጨድ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። ስለዚህ «ትኩሳት አለኝ» ብሎ የሚመጣ አንድ ሰው ወባ፣ ታይፎይድ፣ ታይፈስ፣ ቲቢ ወይም ካላዛር ሊሆን ይችላል። ወባው ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ፋልሲፓረም ከሆነ መድኃኒቱ ሌላ ነው፣ ቫይቫክስ ከሆነ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ እንዳያገረሽ ተጨማሪ መድኃኒት ይፈልጋል። በሽታዎቹ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው ምርመራ ነው።

በሽታን ከበሽታ መለየት ለእኛ ሙስሊሞች እንግዳ ሙያ አይደለም። በሬይና በባግዳድ ሆስፒታሎችን የመራው አቡበክር አር-ራዚ ፈንጣጣንና ኩፍኝን ለይቶ መጽሐፍ የጻፈው ከ1,000 ዓመት በፊት ነው። የዛሬው ላቦራቶሪ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ይኸኛው ከዚያኛው ይለያል ይላል።

ሳይለይ ሲቀር ምን እንደሚሆን ከራሳችን ዞን ተምረናል። ሊቦ ከምከም ውስጥ ሰው በረጅም ትኩሳት እየከሳ፣ ጣፊያው እያበጠ ይሞት ነበር። መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ታሰበ። ካላዛር መሆኑ የታወቀው በ1997 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ የሕክምና ማዕከል ከፈቱ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከ2,000 በላይ ሰው ታከመ። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል ማለት ይቻላል፤ ሲታወቅ ግን ይድናል። በመሃል የሞቱት ወገኖቻችን መድኃኒት ብቻ አልነበረም ያጡት፤ የበሽታቸውን ስም የሚነግራቸውም አጥተው ነበር።

አሁን ወደ እኛ ክፍል ልመልሳችሁ። የኬሚስትሪ ማሽን አለን። ኩላሊትንና ጉበትን ይመረምራል። የመጣ ቀን ተጨብጭቦለታል፣ ፎቶ ተነስቶለታል። ጥቂት ወራት ሠርቶ ቆመ። ደብዳቤ ጻፍን። ደብዳቤው ከእኛ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ሄደ። የማሽኑ ወኪል አዲስ አበባ ነው፤ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መንገድ ሲከፈት ባለሙያው የለም፣ ባለሙያው ሲገኝ መንገዱ ይዘጋል። ማሽኑም በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀመጠ።

አንድ ከቆላ የመጡ አባት ለኩላሊት ምርመራ ወደ ደብረ ታቦር ስንልካቸው ቆም ብለው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ እናንተ ዘንድ ማሽኑ የለም?»

«አለ አባባ፤ ተበላሽቶ ነው።»

«እንግዲያ በሬው አለ፣ ቀንበሩ የለም በለኛ!»

ከዚህ የተሻለ ሪፖርት እኔ ለየትኛውም ቢሮ አልጻፍኩም። ሰውየው ለመሳፈሪያና ለማደሪያ በግ ሊሸጡ ነው የተመለሱት።

መብራቱም ሌላ ፈተና ነው። የደም መቁጠሪያው ሲቢሲ ማሽን በተነሳና በጠፋ ቁጥር ራሱን ለማጠብ ሪኤጀንት ይጠጣል። በቀን ሦስት ጊዜ መብራት ከጠፋ ለሕመምተኛ የተገዛው ሪኤጀንት በማጠቢያ ያልቃል ማለት ነው። ቲቢን በሁለት ሰዓት ገደማ የሚለየው ጂን ኤክስፐርት ደግሞ በመሃል መብራት ከሄደበት የገባው ካርትሪጅ ይባክናል፤ አክታውም እንደገና ይሰበሰባል። በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ በነፋስ መውጫ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። በአንድ ቀን የሚወሰደውን ዕቃ ለመተካት ዓመታት ይፈጃል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ባዶ እጅህን ቆመህ «አንድ ነገር ጻፍልኝ» ስትባል ነው። ሰው ሩቅ መንገድ መጥቶ ባዶ ወረቀት ይዞ መመለስ አይፈልግም፤ አይፈረድበትም። እንዲህ እየሆነ ነው «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» የሚለው ውጤት በየቦታው የበዛው። በጠብታ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ ከሌላ በሽታም ጋር ሊምታታ ይችላል፤ ታይፎይድን የሚያረጋግጠው ካልቸር ደግሞ በብዙ የገጠር ተቋማት የለም። ሙያው አማና ነው። ማሽኑ ካልሠራ «አልተሠራም» ብሎ መጻፍ ያሳፍር ይሆናል፤ የተገመተ ቁጥር ግን የሰው ነፍስ ይዞ ይሄዳል።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን የምጽፈው ለሮሮ ብቻ አይደለም። ብዙ ጀማዓዎች፣ በአዲስ አበባም በሳዑዲም በአሜሪካም ያላችሁ የአካባቢው ተወላጆች፣ ለአገራችሁ የሕክምና ዕቃ ለመግዛት ገንዘብ ታዋጣላችሁ። አላህ ይቀበላችሁ። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በአንዳንድ አገሮች ከሚለገሰው የሕክምና መሣሪያ ሥራ ላይ የሚውለው ከ10 እስከ 30 በመቶው ብቻ ነው የሚል ግምት አስፍሯል። ሶደቀተል ጃሪያ ስንል «ጃሪያ» ማለት የሚፈስ፣ የማይቋረጥ ማለት ነው። በጨርቅ የተሸፈነ ማሽን መፍሰሱን አቁሟል።

ስለዚህ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ሪኤጀንቱ አገር ውስጥ ይገኛል ወይስ ከአንድ ድርጅት ብቻ የሚገዛ ነው? ሲበላሽ ማን ነው የሚጠግነው፣ በስንት ቀንስ ይደርሳል? መለዋወጫ አብሮ ይመጣል? ከመብራት መዋዠቅ የሚጠብቀው ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ አለው? የሚሠራበትን ባለሙያ ማን ያሠለጥናል? መልስ ከሌለ ሁለተኛ ማሽን ከመግዛት የቆመውን አስጠግኑ። የአንድ ባዮሜዲካል ባለሙያ የትራንስፖርትና የውሎ አበል፣ የአንድ ዓመት ሪኤጀንት፣ የማይክሮስኮፕ አምፖል ሳይቀር ሶደቃ ነው። ፎቶ ላይ አያምርም፤ ሥራው ግን አይቆምም።

ልጆቻችሁንም ምከሩ። ዶክተር መሆን ጥሩ ነው። የቆመን ማሽን የሚያስነሳ ባዮሜዲካል ኢንጂነር መሆንም የሰው ሕይወት ማትረፍ ነው፤ ጋይንትና ስማዳ ደግሞ ዛሬ አጥብቀው የሚፈልጉት እሱን ነው።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን፣ ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን፣ የምንሰጠውንም የማይቋረጥ ያድርግልን። አሚን!