ብርዕና ጆሮ

ድጓ የሚጽፍ ሰው ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ አስቀድሞ ንባቡን፣ ቀጥሎም ከንባቡ በላይ በደቃቅ ፊደል የዜማውን ምልክት። ለንባቡ ዓይንና እጅ ይበቃሉ፤ ለምልክቱ ግን ጆሮ ያስፈልጋል። በኮልፌ ቀራንዮ በአንዲት ጠባብ ቤት የሚኖሩ አንድ የድጓ መምህር ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

የኔታ ከኪዳን ሲመለሱ፣ የታክሲ ረዳቶች «ጦር ኃይሎች! አየር ጤና!» እያሉ መንደሩን ሳያናውጡት፣ ብራናቸውን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይቀመጣሉ። የመቃውን ብርዕ ከቀለሙ ነክረው ወዲያው አይጽፉም። ቃሉን በለሆሳስ ያዜሙታል፤ ዝም ይላሉ፤ ዳግመኛ ያዜሙታል፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ምልክት ያኖራሉ። በደጅ የሚያልፍ ሰው ቢያያቸው ሥራ የፈቱ ይመስለዋል፤ ዋናው ሥራ ግን ያ ዝምታ ነው።

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ እንዳዜመ ትውፊት ይናገራል። ምልክቱን ግን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት ይነገራል። እንዲህም ከሆነ ዜማው አንድ ሺህ ዓመት ያህል ከአፍ ወደ ጆሮ ብቻ ሲተላለፍ ኖሯል ማለት ነው። ምልክቱ ከተሠራ በኋላም ቢሆን ድፋቱ፣ ሂደቱ፣ ጭረቱ፣ ደረቱ ሁሉ የሰማውን ሰው ያስታውሱታል እንጂ ያልሰማውን አያስተምሩትም።

በአንድ ማለዳ የኔታ እንደ ልማዳቸው እያዜሙ ሲጽፉ ከአንድ ቃል ላይ ደርሰው አለፉ። ሊማር የመጣው ደቀ መዝሙር አንገቱን ደፍቶ፣
«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ እዚህ ላይ ርክርክ ነበረው» አለ።
«ማን አለህ?»
«እርስዎ።»

ከእጅ ስልኩም ከሦስት ዓመት በፊት የቀዳውን አሰማቸው። ድምፁ የራሳቸው ነበረ፤ በዚያ ቃል ላይ ሲደርስም በግልጥ ተንቀጠቀጠ።

የኔታ ብርዑን አኖሩ። ስልክ የሰማውን አይረሳም፤ ነገር ግን ያን ቀን ድምፃቸው በጉንፋን ተይዞ እንደ ሆነ ወይም ልባቸው ሌላ ቦታ ሄዶ እንደ ሆነ አይናገርም። እርሳቸው ድጓን ያስመሰከሩት የድጓ ምስክር ቤት ከሆነው ከጋይንት ቤተልሔም ነው፤ ያስመሰከሯቸው መምህር ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ የእርሳቸውም ድምፅ በየትም አልተቀዳ። ከዚህም በላይ ለተማሪው ያልነገሩት ነገር አለ። የግራ ጆሯቸው ከከረመ ወዲህ ዝም ብሏል፤ ቀኙም ቀጭኑን ድምፅ እየለቀቀ ነው። እንግዲህ ርክርኩን የተወው የዛሬው ጆሯቸው ነውን? ወይስ የጨመረው የዚያን ጊዜው ጉሮሯቸው? ብራና ከሰው ይልቅ ይቆያል፤ ዛሬ የተሳሳተውን ምልክት የዛሬ መቶ ዓመት የሚያነብ ሰው ጠያቂ አያገኝም።

«አንተ በለው» አሉት። ልጁ አዜመ፤ የኔታም ዓይናቸውን ከጉሮሮው ላይ አልነቀሉም። ሲጨርስ ከቃሉ በላይ ያለውን ስፍራ ባዶውን ተዉትና፣
«ስልኩን በዚህ በቀኜ በኩል አምጣው፤ ድገመው» አሉ።
በውጭ ረዳቶቹ መጣራት ጀምረው ነበርና ልጁ ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ።