የሻንሲው ቁጥር

አባቴ ቮልሷን ለመጨረሻ ጊዜ የነዳት ቀን፣ ከኋላ የተቀመጠችው እናቴ በእግሯ ስር አስፋልት አየች። ወለሉ ተቀዶ ነበር። «እዚሁ አውርደኝ» አለችው፤ በታክሲ ተመለሰች። መኪናዋ ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች።

በ1967 እ.ኤ.አ. የተሠራች ቮልስ ናት። የእነዚህ መኪኖች ባትሪ ከኋላ ወንበር ስር በቀኝ በኩል ይቀመጣል፤ አሲድ ካፈሰሰ ላሜራውን ይበላዋል። ዝገቱ የጀመረውም እዚያ ነው።

እኔ መካኒካል ምህንድስና ተምሬ ኮድ ጽፌ የምኖር ሰው ነኝ። ብየዳ የነካሁት ለተግባር ልምምድ ብቻ ነው። ግን አንድ እሁድ ምሳ ላይ «ሻንሲውን እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ፣ አባቴም ሰማ። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለም።

የቮልስ ሻንሲ እንደ ጭነት መኪና ሁለት ረጃጅም ብረት አይደለም። መሃል ላይ አንድ ቦይ የመሰለ ቱቦ አለ፤ ግራና ቀኙ ወለል ነው፤ ቦዲው ከላይ ዙሪያውን በብሎን ይታሰራል። የማርሹ ዘንግ፣ የፍሪሲዮኑና የነዳጁ ገመድ፣ የእጅ ፍሬኑም በዚያ ቱቦ ውስጥ ያልፋሉ። የተዘጋጀ ወለል ከውጭ ይገዛል። ዋጋውን ከማጓጓዣና ከቀረጥ ጋር ደምሬ ላፕቶፑን ዘጋሁት።

ስለዚህ ሁሉንም ጥዬ ከ40 በ60 ቱቦላሬ አዲስ ሻንሲ ለመሥራት ወሰንኩ። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ሳልኩት። ጋራዥ ሄጄ ለባትላሜራው ሰውዬ አሳየኋቸው። ስክሪኑን ትንሽ አዩና፣

«ቁጥሩስ?» አሉኝ።

«የቱ ቁጥር ጋሼ?»

የኋላውን ወንበር አነሱት። ቱቦው ላይ የሻንሲው ቁጥር ተመትቷል፤ ሊብሬው ላይ ያለውም እሱ ነው። ቱቦውን ብጥለው በወረቀት ላይ የአባቴ መኪና የለችም ማለት ነው። ሦስት ሳምንቴ እዚያው ቀለጠ። ቱቦው ሊቀር፣ ቱቦላሬው በጠርዝ በኩል ሊሄድ፣ ወለሉ በ1.5 ሚሊሜትር ላሜራ ሊሠራ ተስማማን።

አሁን የማፍርበት ነገር መጣ። አንድ ቅዳሜ ጋሼ ለቅሶ ሄደው ነበር። ጊዜ ላተርፍ ብዬ ብሎኖቹን ፈታሁ፤ ከልጆቹ ጋር ቦዲውን አንስተን ጎማ ላይ አስቀመጥነው። በሩን ልዘጋ ስል አልገጠመም። ወለሉን ያጣ ቦዲ፣ ያውም ስሩ የዛገ፣ እንደ ክፍት ካርቶን ይለምጣል። ኮድ ቢሆን ወደ ትናንትናው እመልሰው ነበር። ለአባቴ ምን እንደምል እያሰብኩ እስኪመሽ እዚያው ተቀመጥኩ።

ጋሼ ሰኞ መጥተው አልጮኹም። «ኢንጂነር፣ ቤቱን ከመሠረቱ ስትነቅለው በምን ደገፍከው?» አሉ። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። በክሪክና በሰንሰለት ሁለት ቀን ሳቡት። በሮቹ ክፍተት ላይ ቱቦላሬ አጋድመው በየዱ፤ ቦዲው ከመነሳቱ በፊት መደረግ የነበረበት እሱ ነው።

ብየዳው ሌላ ትምህርት ነበር። እኔ ጫፍ እስከ ጫፍ አንዴ ልጨርሰው ፈለግኩ። ጋሼ ደግሞ እዚህ አንድ ጣት ያህል፣ ከዚያ ከማዶ አንድ ጣት፤ ብረቱ በእጅ እስኪነካ ጠብቅ። ሙቀት ብረትን እንደሚያጣምም ክፍል ውስጥ በፎርሙላ ተምሬ ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ። የበየድኩትን ግን ከጥግ ጥግ በሲባጎ ስንለካው አንዱ ማዕዘን ከሌላው በ4 ሚሊሜትር በለጠ። በግራይንደር ቆረጥኩትና እንደገና።

ቦዲው የተመለሰ ቀን አባቴ ሊብሬውን በኪሱ ይዞ መጣ። ቱቦላሬዬን አላየውም። በኋላ ወንበር በኩል ገብቶ ተንበረከከ፣ አቧራውን በአውራ ጣቱ ጠረገና ቁጥሩን አንድ በአንድ ከወረቀቱ ጋር አነበበ። ጨርሶ መጀመሪያውን ደገመው።

ሞተሯ ገና አልገባም። የግራ በሯ ግን ይዘጋል፣ ትንሽ ከፍ አድርገህ ከገፋኸው።