ሻይ የሚጠጣው እንግዳ

«የቪክቶሪያ ዘመን ሥነ ጽሑፍን ለማለፍ አንድ ሃንድአውት ይበቃል።» በአንድ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል የላይኛው ባች ለታችኛው የሚያወርሰው ምክር ይህ ነው። ሃንድአውቱ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ፣ ኮፒው እንደገና ኮፒ ተደርጎ፣ ዳር ዳሩ ጠቁሮ ከዶርም ዶርም ይዞራል። ውስጡ የዘመኑ መለያ ባሕርያት በተራ ቁጥር ተደርድረዋል፦ የፋብሪካ መስፋፋት፣ የሃይማኖት ጥርጣሬ፣ የመደብ ልዩነት፣ የሥነ ምግባር ጥብቅነት። ፈተናው «አምስቱን ዘርዝር» ይላል። ተማሪው ይዘረዝራል። አንድ ልብ ወለድ ሳይገልጥ ይመረቃል።

አንድ ዓመት ኮርሱን ሊያስተምሩ የመጡት መምህር ሃንድአውቱን አገላብጠው ሳቁ። ጡረታ የቀረባቸው ሰው ናቸው። «ይህን እኔም ሸምድጄዋለሁ፤ አሁንም በቃሌ አለ። ግን አንድ ቀን እንኳ ጠቅሞኝ አያውቅም» አሉ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ሦስት አሳይመንት ጻፉ።

አንደኛ፦ ከቻርልስ ዲከንስ ልብ ወለድ አንዱን ይዛችሁ አንድ ተጨማሪ ክፍል ጻፉ፤ አንባቢው የሚቀጥለውን ሳይገዛ እንዳያድር አድርጋችሁ ጨርሱት። ሁለተኛ፦ ደራሲው ዝም ያሰኘውን ገጸ ባሕርይ አናግሩ። ሦስተኛ፦ ተናጋሪው ሳያውቀው ራሱን የሚያጋልጥበት ግጥም ግጠሙ። ረቂቁን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሥራ ሁለት ገጽ ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ይኖረዋል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁሉም እየተጠራ መምህሩ ፊት ይጠየቃል።

ክፍሉ አጉረመረመ። «ቲቸር፣ እኛ ደራሲ አይደለንም» ያለ ነበር።

«ዲከንስም ሲጀምር ጋዜጠኛ ነበር» አሉ መምህሩ።

*

እውነት ነው። ዲከንስ የፓርላማ ዘጋቢ ሆኖ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1836 «የፒክዊክ ወረቀቶች» በወር በወር፣ በአንድ ሽልንግ ዋጋ መውጣት ሲጀምር ገዢው ጥቂት ነበር፤ ሊጠናቀቅ ሲል በየወሩ 40 ሺህ ገደማ ቅጂ ይሸጥ ነበር። ሙሉ መጽሐፍ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ሽልንጓን ከፍሎ ወር ይጠብቃል። ሽልንጓም የሌለችው አንድ ቅጂ ሲነበብ ከብቦ ያዳምጣል። አማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ሰዓት ጠብቆ የተሰበሰበውን ቤተሰብ ማስታወስ ይበቃዋል።

ሃንድአውቱ «የዲከንስ ልብ ወለዶች በተከታታይ ክፍሎች ታትመዋል» ይላል፤ አንድ መስመር ነው። ተማሪዎቹ ራሳቸው አንድ ክፍል ለመጻፍ ሲቀመጡ ግን መስመሯ ተራራ ሆነችባቸው። ስንት ሰው በአንድ ምዕራፍ ይገባል? አንባቢ ከወር በፊት ያነበበውን ሰው በምን ያስታውሰዋል? ዲከንስ አንዱን ገጸ ባሕርይ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አነጋገር፣ ሌላውን በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ የሚያመጣው ለምን እንደሆነ የገባቸው ያኔ ነው። ብዙ ሃያሲ እንደ ግነት የቆጠረበት ነገር ወር ሙሉ ለቆየ አንባቢ የተተወ ምልክት ነበር።

ሁሉም ተሳካለት ማለት አይደለም። የአንዱ ልጅ ምዕራፍ በቃና ቴሌቪዥን ከሚታዩት የቱርክ ድራማዎች አንዱን ይመስላል ተብሎ ክፍሉ ሳቀበት። መምህሩ ግን አልሳቁም። «ዲከንስንም በዘመኑ እንዲሁ ይሉት ነበር። አሁን ልዩነቱ የቱ ላይ እንደሆነ አንተው አሳየን» አሉት። ልጁ ልዩነቱን ለማሳየት «ታላላቅ ተስፋዎች»ን ሁለት ጊዜ አነበበ። ዲከንስ የመጀመሪያውን አሳዛኝ መጨረሻ በወዳጁ በቡልወር ሊተን ምክር እንደቀየረውም ያወቀው በዚያው ፍለጋ ነው። አንድ ደራሲ ለአንባቢው ስሜት ምን ያህል መታዘዝ አለበት የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ የራሱ ጥያቄ ሆነ።

ሁለተኛው አሳይመንት ታላቅ ቀዳሚ አለው። ሻርሎት ብሮንቴ በ1847 ባወጣችው «ጄን ኤር» ውስጥ በላይኛው ፎቅ የተቆለፈባት፣ ከጃማይካ የመጣች ሚስት አለች። ትጮኻለች፣ ትስቃለች፣ ቤት ታቃጥላለች፤ የራሷን ታሪክ ግን አትናገርም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1966፣ የካሪቢያን ተወላጅዋ ጂን ሪስ ለዚያች ሴት አዲስ ስምና ልጅነት ሰጥታ ሌላ ልብ ወለድ ጻፈች። ዛሬ ብዙ መምህራን ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ያስተምራሉ። ዝም ያለውን ሰው ማናገር ሥነ ጽሑፍን ማንበቢያ አንድ ከባድ መንገድ ነው፤ የክፍል ጨዋታ ብቻ አይደለም።

*

ነገሩ የከበደው በሦስተኛው ላይ ነው።

ሮበርት ብራውኒንግ በ1842 ያሳተመው «የመጨረሻዋ ዱቼስ» የተባለ ግጥም አለ። አንድ መስፍን ለእንግዳው የሞተች ሚስቱን ሥዕል ያሳያል። እንግዳው መስፍኑ ሊያገባት ካሰባት ከሌላ ልጅ ወገን የተላከ ነው። መስፍኑ በጨዋ አንደበት፣ በሚያምር ሰዋስው፣ ሚስቱ ለሁሉም ሰው ፈገግ ትል እንደነበረና ይህ እንዳላስደሰተው ያወራል። እንዳስገደላት በቀጥታ ሳይናገር አንባቢው ይረዳል። ከዚያ ወሬውን ቀይሮ ወደ ሌላ የጥበብ ሥራ ይጠቁማል።

«ይህ ከሰምና ወርቅ በምን ይለያል?» ሲሉ መምህሩ ጠየቁ። ክፍሉ ዝም ሲል ራሳቸው መለሱ። «በቅኔ ወርቁን የሚቀብረው ባለቅኔው ነው፤ አውቆ ይቀብረዋል። እዚህ ግን ተናጋሪው ሰሙን ብቻ ነው የሚያውቀው። ወርቁ ከአፉ ሲወድቅ አይሰማውም።»

አንዲት ተማሪ ልዑል ዓለማየሁን መረጠች። ምርጫው የሚያስገርም አልነበረም፤ ዓለማየሁ የቪክቶሪያ ዘመን ሰው ነው። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ሰባት ዓመት አልሞላውም ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ከአገር ሳይወጡ በመንገድ ላይ ሞቱ። እንግሊዝ ወሰዱት፤ ራግቢ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። በ18 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1879፣ ሊድስ ውስጥ ሞተ። ዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ።

የተማሪዋ የመጀመሪያ ረቂቅ ስልሳ መስመር ነበር። ዓለማየሁ እናቱን ይጣራል፣ ጠጁን ይናፍቃል፣ እንግሊዝን ይረግማል፣ «አገሬ መልሱኝ» ይላል። ዶርም ውስጥ ስታነበው ጓደኞቿ አለቀሱ። መምህሩ ግን ከሥር አንድ መስመር ብቻ ጻፉ፦ «ልጄ፣ ይህ የሚናገረው ዓለማየሁ ነው ወይስ አንቺ?»

ተማሪዋ ተናደደች። ቢሮአቸው ሄደች። «ቲቸር፣ ዝም የተባለውን አናግሩ ብለውን ነበር እኮ» አለች።

«ብያለሁ። ግን በሰባት ዓመቱ የተወሰደ ልጅ በ18 ዓመቱ በየትኛው ቋንቋ ያስባል? ጠጅስ ጣዕሙን ያውቀዋል? አንቺ መስማት የምትፈልጊውን አፉ ውስጥ ጨምረሽለታል። እነሱ በሥርዓታቸው አሳደጉት፤ አንቺ ደግሞ በግጥምሽ ታሳድጊዋለሽ። ሁለታችሁም ልጁን አልጠየቃችሁትም።»

ለሦስት ቀን አልጻፈችም። ላይብረሪ ገብታ አነበበች። ከመቅደላ የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ እንደወረደና እዚያ በጨረታ እንደተሸጠ አወቀች። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የሆነው ሪቻርድ ሆልምስ ከዘመቻው ጋር መጥቶ ከገዢዎቹ አንዱ እንደነበረም አነበበች። ከዚያ ፎቶግራፉን አየች። በዚያው በ1868 በጋ፣ ዋይት በተባለው ደሴት፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ያነሳችው ነው። የካሜሮን ጎረቤት የንግሥቲቱ ባለቅኔ አልፍሬድ ቴኒሰን ነበር። ሃንድአውቱ ውስጥ በአራት ነጥብ የተዘረዘረው ቴኒሰን፣ ያ ልጅ ፎቶ ከተነሳበት ብዙም ሳይርቅ ይኖር ነበር ማለት ነው። ልጁ ፊት ላይ ፈገግታ የለም።

ንግሥት ቪክቶሪያ የልጁን ሞት ስትሰማ በማስታወሻዋ ሐዘኗን ጽፋለች። ተማሪዋን ያስቆማት ይህ ነው። ክፉ ሰው ስትፈልግ ነበር፤ ያገኘችው ግን ደግ ደግ የሚናገሩ ሰዎችን ነው። ብራውኒንግ የገባት ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ረቂቅ ሃያ ስምንት መስመር ሆነ። ዓለማየሁ አይናገርም። የሚናገረው ስም የሌለው ጡረተኛ መኮንን ነው፤ ልብ ወለድ ሰው። ቤቱ ለመጣ እንግዳ ሻይ እየቀዳ ዕቃውን ያሳያል፦

ይግቡ እንጂ፣ ወንበር ይያዙ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝብዎ፤
ግድግዳው ላይ ያለው መስቀል ነው ዓይንዎን የሳበብዎ?
ሌላ ነገር እንዳይመስልዎ፣ በጨረታ ነው የገዛሁት፤
ደረሰኙም ይኸው አለ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው ያኖርሁት።
ልጁማ ጨዋ ነበረ፣ አልቅሶ አያውቅም በእኛ ፊት፤
ሌሊት ሌሊት ብቻ… ውይ! ጽጌረዳዬን አላዩት?

እርግማን የለበትም። «አገሬ» የሚል ቃል የለበትም። ዶርም ውስጥ ስታነበው ማንም አላለቀሰም። አንዷ ጓደኛዋ ግን «ሰውየው ያስጠላል፤ ግን ምን ክፉ ነገር እንደተናገረ ልነግርሽ አልችልም» አለቻት።

*

አንዳንድ የትምህርት ክፍሉ ባልደረቦች ነገሩን አልወደዱትም። «ግጥም መግጠም የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ትንተና ያስተምር» አሉ። «በምን መለኪያ ይታረማል?» ያሉም ነበሩ። ሁለተኛው ጥያቄ ተገቢ ነው። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህን ማረም አንድ መምህርን ሌሊቱን ሙሉ ያስቀምጣል፤ ማንም ትርፍ ሰዓት አይከፍለውም። ስለዚህ ሃንድአውቱ የቀጠለው መምህራን ሰነፎች ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ርካሽ ስለሆነም ጭምር ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ግን አገሩን የረሳ ነው። በቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ ብቻ እየፈታ የሚመረቅ ተማሪ የለም። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ተማሪው ራሱ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ያሰማል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይቆጥራል። ማንበብና መሥራት እዚያ አልተለያዩም። በፈጠራ ሥራ ማስተማር ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው የሚል ሰው ጎጃምና ጎንደርን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ትንተናውም አልቀረም። ዛሬ የዘመኑን አምስት ባሕርያት ስልክ በግማሽ ደቂቃ ይዘረዝራል። ግጥምም ይገጥማል። «ይህች መስመር ላይ ለምን ወሬ ቀየረ?» ብሎ ዓይን እያየ የሚጠይቅ መምህር ፊት ግን ስልክ አይቀርብም። ተማሪዋ ለዚያች ነጥብ ነጥብ ለተደረገባት መስመር ብቻ ግማሽ ገጽ ማብራሪያ ጽፋለች።

የትምህርቱ ፍሬ የታየው ደግሞ ከክፍል ውጭ ነው። በ2023 የቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት የዓለማየሁን አፅም የመመለስ ጥያቄን ሳይቀበል ቀርቷል። የልዑሉን መታሰቢያ የማክበርን አስፈላጊነት እንደሚረዳ ገልጾ፣ ነገር ግን በዙሪያው ያረፉትን ሌሎች ሳይረብሹ ማውጣት የመቻሉ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው አለ። በዚያው ዓመት ከልዑሉ ጸጉር የተቆረጠ ዘለላ ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተሰጠ። ብዙ ሰው መልሱን አንብቦ ተሳድቧል። ተማሪዋ መልሱን አትማ በእርሳስ አሠመረችበት፤ የትኛው ቃል አዘኔታ እንደሆነ፣ የትኛው ቃል ላይ ወሬው እንደተቀየረ ምልክት አደረገች። ስድቡ ለአንድ ቀን ነው። ይህ ችሎታ ግን ይቀራል፤ ለሩቅ ቤተ መንግሥት ብቻ ሳይሆን «በነዋሪው ሙሉ ፈቃድ» ተነሱ ለሚል የቅርብ መግለጫም ያገለግላል።

በመጨረሻው ቀን መምህሩ ፊት ተቀመጠች። ስለ ደረሰኙ ጠየቋት፤ መለሰች። ስለ ጽጌረዳው ጠየቋት፤ መለሰች። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «እንግዳውስ?» አሉ። «ሃያ ስምንት መስመር ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረም። መስቀሉን አይቷል፣ ስለ ልጁም ሰምቷል። ለምን ዝም አለ?»

ተማሪዋ ትንሽ አሰበች።

«ሻይ እየጠጣ ነው፣ ቲቸር።»