ለክፍያ የሰጠነው ስማችን

ቡናው እስኪደርስ ስለ አንድ ነገር እንጫወት። ሁላችሁም የምታውቁት ነው፤ ግን ቸኩለን ስለምናልፈው ቁጭ ብለን አናወራበትም።

ሞጆን ታውቋታላችሁ፤ ሰው የሚገባባትና የሚወጣባት ከተማ ናት። ደረቅ ወደቡ አለ፣ ቆዳ ፋብሪካዎቹ አሉ፣ የጅቡቲው ባቡር ያልፍባታል፣ የሐዋሳው መንገድም ከዚሁ ይገነጠላል። ከየአገሩ የመጣ ሹፌር፣ ረዳት፣ ጫኝና አውራጅ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ይኖርባታል። እንዲህ ባለ ከተማ ጎረቤት የጎረቤቱን ስም ላያውቅ ይችላል። ቀበሌ ግን ያውቀዋል። ስም ከነአያት፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥር፣ የልጆች ብዛት፣ ከየት መሸኛ ይዞ እንደመጣ ሳይቀር መዝገብ ላይ ይሰፍራል። አብዛኛውን ደግሞ የሰጠነው ለክፍያ ስንሄድ ነው፤ ወይ ልንከፍል፣ ወይ ሊከፈለን።

ሁሉም ክፍያ ግን ማንነታችንን አይጠይቅም። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሹፌሩ ሞጆ መውጫ ላይ ብሩን ሰጥቶ ደረሰኙን ይዞ ይሄድ ነበር። የመኪናው ዓይነት ከታወቀ በቂ ነው፤ የእናትህ ስም ማን ነው ያለው የለም። የጤና መድን መዋጮ ሌላ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር በኦሮሚያ ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ምሥራቅ ሸዋ ያለው ግምቢቹ ነበር። በመድኑ የቤተሰቡ አባል ሁሉ ካልተመዘገበ ጤና ጣቢያው ማንን በነፃ እንደሚያክም አያውቅም። ስለዚህ ቀበሌ አይመዝግበን የሚል ሰው ካለ አልስማማም። የኔ ጥያቄ ከተመዘገበ በኋላ ስላለው ነው። ለመድን የሰጠሁት ስም ለመድን ብቻ ይውላል ወይ?

ወደሚከብደው ልግባ። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. አካባቢ በ11 ከተሞች ሲጀመር ጎረቤታችን አዳማ አንዷ ነበረች። በመጀመሪያው ዙር ወደ 604 ሺህ ሰው ታቅፏል። ከነዚህ አብዛኞቹ በአካባቢ ሥራ ተሰማርተው የሚከፈላቸው ሲሆኑ፣ የቀሩት መሥራት የማይችሉና ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙ ናቸው፤ አዛውንት፣ አካል ጉዳተኛ፣ የቆየ ሕመም ያለበት። ምልመላው የሚካሄደው ሰፈሩን በሚያውቅ ኮሚቴ ነው። ስንት ቤተሰብ አለ፣ ምን ይበላል፣ ቤቱ ከምን ተሠራ፣ ማን ታሟል ተብሎ ይጠየቃል። ከዚያ የተመረጡት ዝርዝር ለሰፈሩ ሰው ይፋ ይሆናል፤ ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ።

ዝርዝሩ ይፋ መሆኑን እደግፋለሁ። ባይለጠፍ የኮሚቴው ዘመድ ሁሉ ይገባ ነበር። ነገር ግን ግድግዳው ላይ ምን ይጻፍ? ስም ይበቃል። ስልክ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ፣ የመታወቂያ ቁጥር እዚያ ምን ይሠራል? ከሁሉ የሚያመኝ ደግሞ «የድጋፉ ምክንያት» የሚል ዓምድ ነው። አንዲት እናት ለዓመታት ከጎረቤት የሸሸገችው ሕመም ወረቀት ላይ ወጥቶ መንገደኛ ሁሉ ሲያነበው የሚሰማትን አስቡት። ለማጣራት የኮሚቴው ፋይል አለ። ለግድግዳው ስሙና ሰፈሩ በቂ ነው። ቅሬታ አቅራቢውም የሚፈልገው ማን እንደገባ ማወቅ እንጂ ማን ምን እንደታመመ አይደለም።

አንዳንዱ «ምን ችግር አለው? እኔ የምደብቀው የለኝም» ይላል። ለዚህ ሰው ታሪካችንን ልጥቀስለት። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ቀበሌ ኪራይ ሊሰበስብ በየቤቱ ማን እንዳለ መዘገበ፤ በኋላም ስኳሩንና ስንዴውን በራሽን ካርድ ሲያድል የቤተሰቡን ቁጥር ያዘ። ሲጀመር የኪራይና የራሽን ጉዳይ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ግን የደርግ ቤት ለቤት አሰሳ መጣ፤ ከዚያም ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት መመልመሉ በዚያው በቀበሌ በኩል ሆነ። ኪራይ ሊከፍል ስሙን ያስመዘገበ አባት ያ መዝገብ ነገ ለልጁ ምን እንደሚያመጣ ሊያውቅ አይችልም ነበር። መዝገብ ከጻፈው ባለሥልጣን በላይ ዕድሜ አለው።

ይህ የኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ከፈረንጆቹ 2012 ጀምሮ የጡረታና የልጆች ድጎማ ማከፋፈሉ ለአንድ የግል ኩባንያ ተሰጥቶ ነበር። ድጎማ ተቀባዮች በየወሩ ከገንዘባቸው ለብድር፣ ለሞባይል ካርድ፣ ለመብራት እየተባለ ተቆረጠ ብለው ጮኹ። ለመክፈያ የተሰበሰበው መረጃ ለንግድ መንገድ ከፍቶ ነበር። ነገሩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2017 ፍርድ ቤቱ የተቀባዮቹ የግል መረጃ እንዲጠበቅ አዘዘ። በዚያው ዓመት በሕንድ ጃርክሃንድ ግዛት የማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ ድረ ገጽ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የጡረተኞችን መለያ ቁጥር ከነባንክ ሒሳባቸው አደባባይ አወጣው። ሌባ ገብቶ አልነበረም፤ የቢሮው የራሱ ስህተት ነው።

የኛ ቢሮዎች ወደ ኮምፒውተር ገና በመግባት ላይ ናቸው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ብዙውን ክፍያ ከመስኮት ወደ ስልክ አዛውሮታል፤ ዲጂታል መታወቂያው ፋይዳም በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። በኔ ግምት ግን ትልቁ ቀዳዳ ኮምፒውተሩ አይደለም፤ ፎቶ ኮፒው ነው። ከየቢሮው ፊት ለፊት ያለውን ፎቶ ኮፒ ቤት ልብ በሉ። ደንበኛው የፋይዳውን ፒዲኤፍ በቴሌግራም ይልካል፤ እዚያ የሚሠራው ልጅ ያወርደዋል፣ ያትመዋል፣ ላሚኔት ያደርግለታል፣ ሒሳቡን ይቀበላል። ፋይሉ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል፤ የትናንቱም፣ የአምናውም አለ። ፋይዳ ባለ 12 አኃዙን ዋና ቁጥር በየቦታው እንዳንሰጥ ባለ 16 አኃዝ ተለዋጭ ቁጥር አዘጋጅቶልን ሳለ፣ እኛ የካርዱን ፊትና ጀርባ ኮፒ አድርገን እንሰጣለን። ወረቀቱ ክላሰር ውስጥ ይገባል፤ ክላሰሩ ሲሞላ ኮሪደር ላይ ይደረደራል። ሠራተኛው ሲቸኩል ደግሞ በራሱ ስልክ ፎቶ ያነሳዋል። ክፋት የለውም፤ ሥራ ሊያፋጥን ብሎ ነው።

ሕጉ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ይዋል፣ ከሚያስፈልገው በላይ አይሰብሰብ፣ ባለቤቱ የተያዘበትን የማየትና የማስተካከል መብት አለው ይላል። መረጃ ሲያመልጥም በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ይነገር ይላል። ኮሪደር ላይ ካለው ክላሰር አንድ ወረቀት ቢጠፋ ግን 72 ሰዓቱን ከመቼ ጀምሮ ማን ይቆጥራል? መጥፋቱንስ ማን ያውቃል?

ለከተማ አስተዳደር የምለው ብዙ በጀት አይጠይቅም። የቆየው ክላሰር ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ይግባ፤ የማያስፈልገው ይቃጠል። መስኮቱ ጋ አንድ ሰው ብቻ ይቁም፤ ከኋላ ያለው ሰልፈኛ የፊተኛውን ገቢ እንዳይሰማ። ካርዱን አይቶ መመለስ በቂ ከሆነ ኮፒ አይጠየቅ። እድሮቻችን ይህን ያውቁበታል፤ የእድሩ ጸሐፊ የአባሉን ቤተሰብ ዝርዝር የሚያወጣው ሐዘን ሲደርስ ነው፤ ለሌላ ጉዳይ ቢጠቀምበት በወር ስብሰባው ይጠየቃል።

እኛም የምናደርገው አለ። ኮፒ ስትሰጡ እስክሪብቶ ለምኑና በላዩ «ለጤና መድን ክፍያ ብቻ» ብላችሁ ቀን ጻፉበት፤ ሌላ ጉዳይ ላይ እንዳይውል ያስቸግራል። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሠራተኛ «ለምን?» ካለ ረጋ ብላችሁ አስረዱት። የሱም ኮፒ በሆነ ቢሮ ክላሰር ውስጥ አለ።